ከመንገድ መመለስ

ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንዱ መሬት ነው ይላል፤ ሌላው ትምህርት ነው ይላል፤ ሦስተኛውም መልካም ስም ነው ይላል። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ልጅ ከአባቱ ሳይሰጠው የሚወስደው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም አባቱ በጭንቅ ሰዓት ሲያደርግ ያየው ሥራ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ ላይ፣ በአንዲት ጀልባ ውስጥ ነው። አስተማሪዎቼም ሦስቱ ልጆቼና አንድ ሽማግሌ ባለ ጀልባ ነበሩ።

ያደግሁት በወንዛዬ ፍል ውሃ አጠገብ፣ በጉማራ ወንዝ ዳር ነው። ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ቁራጭ እንጨት ወደ ወንዙ እየወረወርሁ፣ ከዓይኔ እስኪሰወር ድረስ በዳር በዳር እከተለው ነበር። አያቴም «ይህ ውሃ በፎገራ ሜዳ አልፎ ጣና ይገባል፤ ከጣናም በዓባይ ወጥቶ ምስር አገር ይደርሳል» ሲሉኝ፣ ያ የወረወርሁት እንጨት ምስር ሲገባ ይታየኝ ነበር። ጊዜው ሲደርስ መምህር ሆንሁ፤ ትዳርም ይዤ ወረታ ከተማ ተቀመጥሁ። ይህንኑ የአያቴን ታሪክ ለልጆቼ ስነግራቸው፣ መካከለኛው ልጄ አንድ ቀን «አባዬ፣ አንተ ግን ጣና ላይ ሄደህ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ነበር። የጣና ጎረቤት ሆኜ ሳለሁ በሐይቁ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳፈርሁም። አፍሬም «እንግዲያውስ ሁላችንም አብረን እንሄዳለን፤ ደቅ ደሴት ድረስ ሄደን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን አሳያችኋለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ።

ጎረቤቶቻችን ይህን ሲሰሙ ተገረሙ። ባሕር ባላቸው አገሮች ቤተ ሰብ ለዕረፍት በሸራ ጀልባ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ሕፃናቱም ገመድ ማሰርንና ነፋስን ማወቅን እዚያው ይማራሉ። በእኛ አገር ግን ዕረፍት ማለት ዘመድ መጠየቅ፣ ወይም ንግሥ መሄድ ነው። አንዲት ባልቴት «ልጅ ይዞ ውሃ ላይ መውጣት ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» ብለው ገሠጹኝ። እኔ ግን ልጅ አገሩን በዓይኑ አይቶ እንዲያድግ እወዳለሁና አልሰማኋቸውም። በዚህስ እስከ ዛሬ አልጸጸትም። የምጸጸተው በሌላ ነገር ነው።

በ2010 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲሆን ጉዞ ጀመርን። በእኛ በኩል ያለውን የሐይቁን ዳር፣ በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ የታየው የእንቦጭ አረም እየወረረው ስለ ነበር፣ በመኪና ወደ ባሕር ዳር ሄድን። ማታውኑ ከአንድ ሽማግሌ ባለ ጀልባ ጋር ተዋዋልሁ። እርሳቸውም «ደቅ ሩቅ ነው፤ በማለዳ በ12 ሰዓት ከወደቡ ተገኙ» አሉኝ። እኔም እሺ አልሁ።

ነገር ግን በማግሥቱ ጠዋት አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ከመንገድ አገኘሁትና ቁርስ ካልጋበዝሁህ አለኝ። እንቢ ማለት አፈርሁ። ቁርሱም ቡናን አስከተለ፤ ቡናውም ጨዋታን አስከተለ። ልጆቼ ደጅ ደጁን እያዩ ሲቁነጠነጡ፣ ከወደቡ የደረስነው ከረፋዱ በ4 ሰዓት ነበር።

ባለ ጀልባው ሰማዩን አዩና «መምህር፣ ደቅ ዛሬ አይሆንም። ጣና ጠዋት በግ ነው፤ ከቀትር በኋላ በሬ ነው። ዘጌ ላድርሳችሁና በጊዜ እንመለስ» አሉኝ።

«አባቴ፣ ለልጆቹ ቃል ገብቻለሁ። ለቀብዱም ከፍያለሁ» አልሁ።

ሽማግሌው ልጆቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያም «መልካም፤ ግን መመለስ ያለብን ቦታ ስንደርስ እነግረዎታለሁ» ብለው ሞተሩን አስነሡ።

በጀልባው ውስጥ የነበሩት የነፍስ አድን ጃኬቶች ሁሉ የትልቅ ሰው ልክ ነበሩ። የአራት ዓመቱ ትንሹ ልጄ ሲለብሰው እስከ ጉልበቱ ደረሰ። እኔም «ካባ የለበሰ ደጃዝማች መሰለ!» ብዬ ሣቅሁ፤ ሁላችንም ሣቅን። የልጆቹ እናት ግን አልሣቀችም።

መጀመሪያ ላይ ውሃው እንደ መስተዋት ነበር። ወፎቹ፣ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች፣ በዛፍ የተሸፈኑት ደሴቶች፣ ሁሉም ልጆቹን አስደሰታቸው። እኔም ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደሚገኝ፣ ስፋቱ እጅግ ብዙ ቢሆንም ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ያህል እንደማያልፍ አስረዳቸው ጀመር። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ በነፋስ ጊዜ የሚያስነሣው ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ መሆኑን ግን ያን ጊዜ አላሰብሁም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ተረት እያወቅሁ ረሳሁት።

የዘጌን ጫፍ አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ነፋሱ ተነሣ። ፀሐይ የብሱን ስታግለው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ በእርሱም ፈንታ ቀዝቃዛው አየር ይንቀሳቀሳል። ይህን በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! በሐይቁ ላይ ሲመጣ ግን እንደ እንግዳ ነገር ሆነብኝ። የጀልባዋ አፍንጫ ከፍ ብሎ ሲወድቅ ውሃው ሁላችንንም አለበሰን። መካከለኛው ልጄ ያስመልሰው ጀመር። ትንሹ በብርድ ተንቀጠቀጠ፤ የሕፃን ሰውነት ትንሽ ነውና ሙቀቱን ቶሎ ይጨርሳል። ወደ እኔ ላስጠጋው ብዬ የጃኬቱን ትከሻ ይዤ ብድግ ሳደርግ፣ ጃኬቱ በእጄ ቀረ፤ ልጁ ግን ከታች እንደ ተቀመጠ ነበር።

ያን ባዶ ጃኬት ይዤ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። በጠዋት የሣቅሁበት ነገር ምን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ኖሮ ጃኬቱ ተንሳፍፎ ይቀር ነበር፤ ልጄ ግን ይሄድ ነበር። እናቱ ምንም ሳትናገር ነጠላዋን አወለቀችና ጃኬቱን በወገቡና በእግሮቹ መካከል አዙራ ከገላው ጋር አጥብቃ አሰረችው።

ባለ ጀልባውም «መምህር፣ ያልኩዎት ቦታ ይህ ነው» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሰዓት እንኳ አፌ ቶሎ እሺ አላለም ብልህ ታምነኛለህን? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔም ቃሌን፣ ገንዘቤንና በልጆቼ ፊት ያለኝን ክብር ይዤ ዝም አልሁ። ያን ጊዜ የአሥር ዓመቷ ትልቋ ልጄ ወደ እኔ ዘወር ብላ «አባዬ፣ ብንመለስ አንተ ውሸታም ትባላለህ?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ከሞገዱ የበለጠ መታኝ። ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ውሸታም ነው እያልሁ ያስተማርኋት እኔ ነበርሁ። ልጄ እየፈራች ሳለች የራሷን ፍርሃት ትታ ለእኔ ስም ትጨነቅ ነበር። እኔ ደግሞ ለስሜ ስል እርሷን ወደ ማዕበል ይዤ እሄድ ነበር። «አይደለም፣ ልጄ። ያጠፋሁት ጠዋት ስዘገይ ነው፤ አሁን ብንሄድ ጥፋቱን እጥፍ ማድረግ ነው» አልኋት። ከዚያም ወደ ሽማግሌው ዞሬ «አባቴ፣ ይመልሱን፤ ቀድሞም የእርስዎ ምክር ትክክል ነበር» አልሁ።

ወደ ዘጌ ተመልሰን ነፋስ ከማይደርስበት ጥግ ወረድን። ልጆቹ ደረቅ ልብስ ለብሰው፣ ዳቦ በልተው፣ በቡናው ጫካ ውስጥ በተዘረጋችው መንገድ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወጡ። የግድግዳዋን ሥዕል አፋቸውን ከፍተው አዩ። ኋላም በውሃው ዳር አንድ ሰው ደንገል እያሰረ ታንኳ ሲሠራ አገኙና እስኪመሽ ድረስ ከአጠገቡ አልነቃነቅ አሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነፋሱ በረደ፤ እኛም በሰላም ባሕር ዳር ገባን።

ስለ ደንገል ታንኳ ከዚያ ወዲህ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሰው፣ የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ይህንኑ ለመፈተን ተነሣ። ደንገሉንም ያስመጣው ከእኛው ከጣና ነበር። መርከቡን በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ አሠርቶ «ራ» ብሎ ሰየማት፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ከሞሮኮ ወደብ ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋር በሸራ ወጣ። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ የመርከቧ ኋላ ውሃ እየጠጣ ወረደ። የሚሄዱበት የብስ የቀራቸው ጥቂት ነበር። ሄየርዳል ግን ሰው ከሚያልቅ መርከብ ትቅር ብሎ ጉዞውን አቆመ፤ ሰባቱም በሕይወት ተረፉ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1970፣ ሌላ የደንገል መርከብ አሠርቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ። ፊተኛዪቱን መርከብ ባይተው ኖሮ ሁለተኛዪቱን የሚሠራት ባልኖረም ነበር።

የእኔ ታሪክ ከዚህ ታላቅ ነገር ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ፍሬውን በቤቴ አይቼዋለሁ። በማግሥቱ ዓመት ክረምት ትልቋ ልጄ ከአጎቷ ልጆች ጋር ከገጠር ስትመለስ፣ ሁልጊዜ በድንጋይ በድንጋይ የሚሻገሩት ጅረት ደፍርሶ አገኙት። የፎገራ ሜዳ በነሐሴ ምን እንደሚመስል የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ ዝናሙ ከላይ በደጋ ይዘንምና ውሃው ሳይታሰብ ከታች ይደርሳል። ትልቁ ልጅ «ጉልበት እንኳ አይደርስም፤ ፈሪ!» አላት። እርሷም «ፈሪም በለኝ፤ እኔ እመለሳለሁ። አባዬም ተመልሷል» ብላ ፊቷን አዞረች። እነርሱም ብቻዋን ሊሰዷት አፈሩና ተከተሏት። ወዲያው ብዙም ሳይቆይ ያ ጅረት ግንድ እያንከባለለ ወረደ። ሌሊቱን እዚያው አጎቷ ቤት አደሩ፤ እኛም ስናስብ አደርን።

ይህን በነገረችን ማታ፣ በክፍል ውስጥ ካስተማርኋት ሁሉ ይልቅ ያ አንድ ቀን እንደ በለጠ አየሁ። በዚያች ሰዓት በእልህ አልፌ፣ እንደ ዕድልም ሆኖ በደኅና ደቅ ገብተን ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ ምን ተምራ ትመለስ ነበር? አባት ሲደፍር ማዕበል ይሸሻል ብላ አይደለምን? ጅረቱ ዳር ስትቆም የሚታወሳት ያ ይሆን ነበር።

ናርጋ ሥላሴንስ? በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ አየናት። ያን ጊዜ በ12 ሰዓት ሳይሆን በ11 ሰዓት ተኩል ከወደቡ ተገኘን፤ ለትንሹ ልጄ በልኩ የሆነ ጃኬት አስቀድሜ ፈልጌ ነበር፤ የቁርስ ግብዣም አልተቀበልሁም። ባለ ጀልባውም እኒያው ሽማግሌ ነበሩ። ልጆቹን ሲያዩ ፈገግ አሉና «ዛሬ በጓን እናገኛታለን» አሉን።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገ አንተም ወላጅ ትሆናለህ፤ ወይም ታናናሾችህን ይዘህ መንገድ ትወጣለህ። ልጆችን ወደ ውሃም ሆነ ወደ ተራራ ይዘህ ውጣ፤ አገራቸውን አሳያቸው፤ ቤት ውስጥ ዘግተህ አታሳድጋቸው። ነገር ግን ከመውጣትህ በፊት የቦታውን ሰው ጠይቅ፤ ሲመክርህም ስማ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ተብሏልና። ቃል መጠበቅ የሚጀምረው ከወደቡ፣ በሰዓቱ በመገኘት ነው፤ ይህን ያጠፋ ሰው ጥፋቱን በሌላ ሰው ነፍስ ሊከፍል አይገባውም። ጀልባው መካከል ደርሶ «የምንመለስበት ቦታ ይህ ነው» ስትባል ደግሞ፣ ከኋላህ የተቀመጡት ሕፃናት ውሃውን ትተው የአንተን ፊት እያዩ መሆናቸውን አትርሳ።