መብራቱ ሳይበራ ብርሃኑ የት ነበር?

መምህር የሆነ ሰው የተማሪውን ስሕተት ለማረም ይቸኩላል፤ የራሱን ስሕተት ግን ብዙ ጊዜ ከጥቁር ሰሌዳው ጽሕፈት ጋር አብሮ ይጠርገዋል። እኔም እንዲሁ ሳደርግ የኖርሁ ሰው ነኝና ዛሬ አንዱን ስሕተቴን ልነግርህ አስቤአለሁ። ነገሩ ከባድ ከሚባለው የፊዚክስ ትምህርት የሚደርስ ቢሆንም አትሽሽ፤ መሶብና እንጀራ የሚያውቅ ሁሉ ሊከተለው ይችላል።

በፍኖተ ሰላም ፊዚክስ ሳስተምር ከቡሬ ገጠር የመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወላጆቹ እየሄደ ስንቁን ተሸክሞ የሚመለስ ዝምተኛ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር እጁን አነሣና፣ «መምህር፣ እኛ ቤት የሚበራው ኩራዝ ነው። ኩራዙ ሲበራ ጋዙ እያለቀ ይሄዳል፤ ስለዚህ ብርሃኑ ከጋዙ መጣ እላለሁ። በአምፑሉ ውስጥ ግን የሚያልቅ ነገር አላየሁም። ታዲያ መብራቱ ሳይበራ ብርሃኑ የት ተቀምጦ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

ተማሪዎቹ ሣቁ። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት አሳፍሮኝ፣ «ይህ ለፈተና አይመጣም፤ ተቀመጥ» አልሁት። ተቀመጠ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየክረምቱ እየተመላለስሁ ትምህርቴን ስቀጥል የኳንተም መስክ ከሚባለው ትምህርት ጋር ተገናኘሁ። ገና ከመግቢያው «መስኩ ኦፕሬተር ነው» የሚል ቃል አገኘሁ። ኦፕሬተር ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ የስልክ ቤት ሠራተኛ ነው! መስክ የሚባለውንም ቢሆን፣ የመግነጢስን መስክ ሳስተምር፣ በእያንዳንዱ ስፍራ ስንት እንደ ሆነ የሚለካ መጠን አድርጌ ነበር የማውቀው። ስለዚህ መጽሐፉን «ይህ ኦፕሬተር ስንት ነው?» እያልሁ ብጠይቀው፣ ብጠይቀው፣ አልመልስልኝ አለ። ቃሉን በቃሌ አጥንቼ ፈተናውን አለፍሁ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም።

የገባኝ በቤቴ፣ በእራት ሰዓት ነው። ትንሿ ልጄ ባዶውን መሶብ ከፍታ እጇን ብትሰድ እናቷ ሣቀችና፣ «መጀመሪያ ይጨመርበት እንጂ ከባዶ መሶብ ምን ይነሣል?» አለቻት። እኔም በተቀመጥሁበት ቀረሁ።

አንባቢ ሆይ፣ «ማንሣት ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቅህ ምን ትመልሳለህ? ምኑን? ከስንቱ ላይ? ትለኛለህ እንጂ ቁጥር አትሰጠኝም። ማንሣት አድራጎት ነው። ኦፕሬተርም እንዲሁ ነው። መሶቡና በውስጡ ያለው እንጀራ የዓለም ሁኔታ ነው፤ ኦፕሬተሩ ያንን ሁኔታ የሚለውጠው አድራጎት ነው። የጎጃም ቅኔ ቤት ተማሪ ግስን ከስም ለይቶ ያውቃል፤ እኔ ግን ግስ የሆነውን እንደ ስም አነብ ነበር።

አድራጎት ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። በመሶቡ ሦስት እንጀራ አለ እንበል። አንዱን አንሥተህ ሌላ ብትጨምር፣ የምታነሣውን ለመምረጥ ሦስት መንገድ አለህ። አስቀድመህ ጨምረህ በኋላ ብታነሣ ግን አራት መንገድ አለህ። በመሶቡ መቶ ቢኖር መቶና መቶ አንድ ይሆናል። ልዩነቱ ምን ጊዜም አንድ ነው። እንጀራው ሁለቱንም ጊዜ ሦስት ሆኖ ቀርቷል፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን ሒሳቡን በአንድ ለውጦታል።

ጀርመናዊው ሃይዘንበርግ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 ባገኘው ሒሳብ ውስጥ፣ ሁለት ነገሮች ሲባዙ የትኛው እንደሚቀድም ለውጥ ያመጣ ነበር። መምህሩ ማክስ ቦርን የነገሩን ትልቅነት ተረዳ፤ ይህም ሕግ ዛሬ በጎቲንገን ከተማ በቦርን መቃብር ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይታያል። በ1927 ደግሞ እንግሊዛዊው ዲራክ፣ ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ይህንኑ ሒሳብ ለብርሃን አዋለው። ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች እየተቈጠረ ይሰጣል፤ እየተቈጠረም ይወሰዳል። የብርሃን መስክ የተባለውም፣ ፎቶንን የመጨመርና የማንሣት አድራጎቶች በአንድነት የተጣመሩበት ነው።

እንግዲህ የልጁ መልስ እዚህ ላይ ይገኛል። አንድ አቶም ብርሃንን ለመዋጥ ያለው ዝንባሌ በአካባቢው ባሉት በዚያው ዓይነት ፎቶኖች ቁጥር ልክ ነው፤ ለመስጠት ያለው ዝንባሌ ግን በዚያው ቁጥር ላይ አንድ ተጨምሮ ነው። ጨለማ ቤት ውስጥ የፎቶኑ ቁጥር ዜሮ ቢሆን፣ የሚዋጥ የለም፤ የሚሰጥበት ያ አንዱ ግን ይቀራል። ከመሶቡ የተገኘው አንድ ማለት ይኸው ነው። እርሱ ባይኖር ኖሮ ብርሃን ከብርሃን በቀር አይወለድም ነበር፤ ኩራዝም ሆነ አምፑል በጨለማ ውስጥ ባልበራ ነበር።

ስለዚህ ብርሃኑ በአምፑሉ ውስጥ አልተቀመጠም፤ የትም አልነበረም። ኃይሉ በሽቦው መጣ፤ የኃይሉም ሒሳብ ሳይጐድል ይጠበቃል። ፎቶኖቹ ግን በዚያች ቅጽበት ተፈጠሩ። አንድ የ60 ዋት አምፑል በየሰከንዱ ከመቶ ቢሊዮን ቢሊዮን የሚበልጡ ፎቶኖችን ያወጣል፤ አብዛኞቹም ለዓይን የማይታዩ የሙቀት ጨረር ናቸው። ልጁ በኩራዝና በአምፑል መካከል ቆሞ የጠየቀው፣ ዲራክ በ1927 የመለሰውን ጥያቄ ነበር።

ባለፈው ዓመት ቡሬ ላይ መኪና ስጠብቅ አንድ ጐልማሳ ጐንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። እርሱ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖአል። ሻይ ጋበዘኝና እዚያው መልሱን ከነመሶቡ ነገርሁት። በጥሞና ሰማኝ። «መምህር፣ ጥያቄው የሞኝ መስሎኝ እኮ ነው የተውሁት» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎም፣ «ከዚያ ወዲህ በሥራዬም ላይ ያልገባኝን መጠየቅ አልደፍርም» ሲል ጨመረ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያን ጊዜ መልሱን አላውቀውም ነበር» አልሁት። ይህን ቃል ለማውጣት ስንት ዓመት እንደ ፈጀብኝ አየህ?

አንባቢ ሆይ፣ ተማሪም ብትሆን፣ መዝገብ ይዘህ ከአለቃህ ፊት የምትቆም ጀማሪ ሠራተኛም ብትሆን፣ ሌሎች ስለ ሣቁ ጥያቄህን አትጣል። የምትጠየቅ ከሆንህም አላውቅም ለማለት አትፈር። እኔ አሁን የማላውቀውን ተማሪ ሲጠይቀኝ ጥያቄውን በሰሌዳው ጥግ እጽፈዋለሁ፤ መልሱን እስካገኝለትም ድረስ ማንም እንዲጠርገው አልፈቅድም።