እኔ፣ አባቴና የኩሎም ሕግ

«የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል» ይባላል። በእኔና በአባቴ መካከል ግን ቅርበት ያመጣው ንቀት ሳይሆን ጠብ ነው። ሁለታችንም ቁጡ፣ ሁለታችንም «እኔ ያልኩት ይሁን» ባዮች ነን። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንድ ዓይነት ሆናችሁ ተቸገርኩ» ትል ነበር።

አባባሏ የገባኝ ተማሪ ሳለሁ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው የጦር መሐንዲስ ሻርል ኩሎም በ1785 እ.ኤ.አ. በቀጭን የብር ሽቦ ላይ ዘንግ አንጠልጥሎ፣ በዘንጉ ጫፍ ላለችው ትንሽ ኳስና ከአጠገቧ ለቆመችው ሌላ ኳስ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ሰጣቸው። ተገፋፍተው በ36 ዲግሪ ተራራቁ። ከዚያ ሽቦውን እየጠመዘዘ ያቀራርባቸው ጀመር። ርቀቱን በግማሽ ቀንሶ 18 ዲግሪ ላይ ለማድረስ፣ 36 የነበረው የሽቦው ጥምዘዛ 144 መሆን ነበረበት፤ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። 8 ዲግሪ ተኩል ላይ ሲያደርሳቸው ደግሞ ጥምዘዛው 575 ተኩል ሆነ፤ ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ! በአጭሩ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

እኔም ሥራ ስይዝ ቤት ተከራይቼ ወጣሁ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ ብቻ ስንገናኝ ሰላም ሆንን። ሕጉ ሠራ አልኩ።

ዘንድሮ ግን የአባቴ ዓይን ደከመ። ብቻቸውን መኖር ስላልቻሉ ወደ እኔ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አመጣኋቸው። ውድ አንባቢ፣ ፍርሃቴን ገምቱት! ርቀቱ ወደ አንድ መጋረጃ ሲወርድ ጠቡ ስንት እጥፍ ሊሆን ነው?

የድሮ ደብተሬን ገልጬ ሳነብ ግን የዘነጋሁትን የሕጉን ሌላ ግማሽ አገኘሁት። ኃይሉን የሚወስነው ርቀት ብቻ አይደለም፤ የሁለቱ ሙሎች ብዜት ጭምር ነው። ርቀቱ ሳይነካ የአንደኛው ሙል ብቻ በግማሽ ቢቀንስ፣ መገፋፋቱም በግማሽ ይቀንሳል። ሁለቱም እስኪቀንሱ መጠበቅ አያሻም።

ትናንት ማታ ጋዜጣ ሳነብላቸው «እንደ ሰው አታነብም እንዴ? ምን ያስሮጥሃል!» ብለው ጮኹብኝ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው።