የካራቫኑ ዳስ

በረሃ ይበርዳል ብሎ ማን ያስባል? በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ከመጣነው ከ14,000 በላይ ሰዎች መካከል ነን። መጀመሪያ ሆቴል አኖሩን፤ ቀጥሎ ቤርሼባ አጠገብ፣ ናሐል ቤካ፣ ካራቫን ደረሰን። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ማታ ግን ብርዱ ከወለሉ ሥር ወጥቶ እግር ይቆረጥማል። ዝናቡማ ጣሪያው ላይ ሲወርድ እናቴ "ኧረ ምን ጉድ ነው፣ ጠጠር ነው እንዴ የሚዘንበው?" ትል ነበር።

አባቴ ከበሩ ፊት በእንጨትና በሸራ ዳስ ጣለ። ጎኑን በላስቲክ ጋረደና አንዱን ወገን ክፍት ተወው። ጭቃ የያዘ ጫማ እዚያ ይወልቃል፣ ቡናው እዚያ ይፈላል፣ ጎረቤት እዚያ ይሰበሰባል። የእርጥብ ሸራው፣ የሚቆላው ቡናና የጎረቤት ላምባ ምድጃ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

አንድ ሌሊት ነፋሱ ዳሱን ነቅሎ ሊወስደው ደረሰ። እናቴ ልጆቼ በብርድ አለቁ ብላ የፋመውን ከሰል ከነማንደጃው አስገባችው፤ መስኮቱንም በጨርቅ ወተፈችው። ሞቀን፣ ደስ አለን። ጥቂት ቆይቶ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር፤ ታናሽ እህቴም አቅለሸለሸኝ አለች። ከወዲያኛው ካራቫን የሚኖሩት ሩሲያዊ ሽማግሌ የላላውን ገመዳችንን ሊያስሩልን መጥተው ኖሮ በሩን ከፈቱ። ማንደጃውን ሲያዩ ቃል ሳይናገሩ በጨርቅ ይዘው አወጡት። እናቴ ክው አለች፤ እሳት ከቤት የሚያወጣ እንግዳ አይታ አታውቅም። እሳቸው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱና ጉንጫቸውን መዳፋቸው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከተኛችሁ አትነሡም ማለታቸው ነበር።

እናቴ ምን ታድርግ? ባደገችበት በጎንደር የሣር ቤት እሳቱ መሐል ቤት ይነዳል፣ ጭሱ በክዳኑ እየሾለከ ይወጣል። ካራቫን ግን ድፍን ነው። የፋመ ከሰል ጭስ ስለሌለው ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ የሚያፍነው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሕግ ወጣ፦ ከሰል ከዳሱ አያልፍም፣ የዳሱም ክፍት ወገን አይዘጋም። ብርድ ሲጠና ጋቢ ይደረባል፣ እግራችን ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ይገባል። ሽማግሌው በማግስቱ የሱፍ ብርድ ልብስ አመጡልን፤ እናቴም ዳቦ ደፋችላቸው። ከዚያ በኋላ በረካውን ሳይጠጡ አይሄዱም ነበር።

ዛሬ የምኖረው ካርሜ ጋት ነው፤ ከቂርያት ጋት በስተሰሜን በተሠራው አዲስ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ። ልጆቼ ማዝጋኑን፣ የአየር ማሞቂያውን፣ ሲጫኑ ቤቱ ወዲያው ይሞቃል፤ ተመስገን ነው። ግን የማን ገመድ እንደላላ በውድቅት ሌሊት ወጥቶ የሚያይ ጎረቤት ይናፍቀኛል። በ2024 መጀመሪያ ከኒር ዖዝ ኪቡጽ የተፈናቀሉት ሰዎች እዚህ ሲገቡ ዳሳችን ትዝ አለኝ። ቤቱን ጥሎ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ክረምት እንዴት እንደሚከብድ አውቀዋለሁና፣ ዳቦ ጋግሬ ለአንዲት ጎረቤቴ ይዤላት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆመን ብዙ አወራን።

እናንተም በከሰል የፈላ ቡና የምትወዱ፣ ክፍት ሰገነት ላይ አፍሉት። አዲስ የመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ማታ ማንደጃው የት እንደሚያድር እዩለት።