ነቅሎ መግጠም

መነቀል የሚገባውን ነገር በመቍጠር እኛን ተማሪዎችን የሚስተካከለን የለም። በየስብሰባችን ይህ ይነቀል፣ ያ ይነሣ እንላለን፤ መልሶ ስለ መግጠም የምንናገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው በመኪና ጋቢና፣ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ለፊት ስላለችው መሳቢያ ነው። ፈረንጆች «የጓንት ሣጥን» ይሏታል፤ የድሮ መኪና ክፍት ስለነበረ ነጂው ለብርዱ የሚያጠልቀውን ጓንት ያኖርባት ነበርና። በእኛ አገር ግን የሊብሬ፣ የኢንሹራንስ ወረቀትና የአሮጌ ደረሰኝ ጎተራ ናት።

የአንዱ ጓደኛችን አጎት በቶዮታ ቪትዝ ተሳፋሪ እያመላለሱ የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት የመኪናቸው ማራገቢያ ነፋስ ነሣቸው። ዝናብ ሲጥል የፊቱን መስታወት እንፋሎት ይሸፍነዋል፤ እሳቸውም ባንድ እጃቸው መሪ፣ ባንድ እጃቸው ጨርቅ ይዘው ይነዳሉ። አንድ ጋራዥ «የማራገቢያው ሞተር ካልተለወጠ አይሆንም» አላቸው፤ ዋጋው የወር ገቢያቸው ነበር። የነፋሱ ማጣሪያ ከመሳቢያዋ በስተኋላ መሆኑን አንብበን ስለነበር «ጋሼ፣ እስቲ እኛ እንየው» አልናቸው። «ልጆቼ፣ መንቀሉንማ ማንም ይነቅላል፤ መልሳችሁ የምትገጥሙ ከሆነ ንኩ» አሉን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ለዲግሪ መጥታችሁ ጋራዥ ገባችሁ?» ብለው ሣቁብን። ይህ ሣቅ አዲስ አይደለም። መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በዚያው ዓመት ነው። መኪናው ከተማውን ሞልቶታል፤ አዋጁ ግን ገና ግቢያችን አልደረሰም።

ሥራው እንዲህ ነው። መሳቢያዋን ከፍቶ ዕቃዋን ማውጣት፤ በጎኗ የምትይዛት ትንሽ ክንድ ካለች ማላቀቅ፤ ከዚያ ሁለቱን ጎኖቿን በመዳፍ ወደ ውስጥ መጫን። ማቆሚያዎቹ ሲያልፉ ወደ ታች ትዘነበላለች፤ ያን ጊዜ ከማጠፊያዋ ስቦ ማውጣት ነው። ካቻቢቴ እንኳ አላስፈለገንም። በአካባቢው ያለ ቢጫ ሽቦ ግን የኤርባግ ነውና አይነካም። ማጣሪያውን ስበን ስናወጣው በአቧራና በደረቅ ቅጠል ተደፍኖ እንደ ፍራሽ ወፍሯል። የታመመው ሞተሩ አልነበረም፤ መተንፈሻ አጥቶ ነው።

አዲሱን ገዝተን፣ በጠርዙ ያለው ቀስት እንደ አሮጌው እንዲያመለክት አድርገን አስገባን። መሳቢያዋን መመለስ ግን ሌላ ሥራ ሆነ። አንዱ ማጠፊያ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ተንበርክከን ብዙ ከታገልን በኋላ ምሥጢሩ ተገለጠልን፤ መግጠም የመንቀል ተገላቢጦሽ ነው። በመጨረሻ የወጣው ማጠፊያ በመጀመሪያ ይገባል፤ ቀጥሎ ጎኖቿ ይጨመቃሉ፤ በመጀመሪያ የተላቀቀችው ክንድ በመጨረሻ ትያያዛለች። እንዴት እንደነቀለ ያላስተዋለ ሰው መግጠም አይችልም።

ቀጭ ብላ ስትዘጋ ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ማራገቢያውን ከፍተው መዳፋቸውን ነፋሱ ላይ አኖሩ። በዚያኑ ማታ ዝናብ እየጣለ ወደ ሥራ ወጡ።

እኛም ለሚመጣው ስብሰባችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን፤ «ይነቀል» ብሎ እጁን የሚያወጣ ሁሉ፣ በምን ተራ እንደሚገጠም አብሮ ይናገር።