ስንተኛ ሳምንት ነው?

ሊጉ ሲጀመር ሰፈራችን ሌላ ሰፈር ይሆናል። ክረምቱን ሙሉ ስለ ዝውውር ሲያወራ የከረመው ሁሉ ነሐሴ ላይ አሰልጣኝ ሆኖ ይነሳል። እኛ የደሴ ልጆች ነን። ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው፣ ከዒሻ በኋላ አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ውስጥ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። አስር ነን። አራታችን አርሰናል፣ ሦስታችን ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሁለታችን ሊቨርፑል፣ አንዳችን ቼልሲ። ሲቲን የሚደግፍ የለንም፤ ስለዚህ ሲቲን የምናማው በአንድ ድምፅ ነው።

ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ በሊጉ መጀመሪያ ሳምንታት ደጋፊ ብዙ የሚያወራው ስለ ራሱ ክለብ አይደለም፤ ስለ ተቀናቃኙ ነው። የራሳችን ክለብ ነጥብ ሲጥል ምክንያት አናጣም፦ ዳኛው፣ ቀይ ካርዱ፣ ጉዳቱ። ተቀናቃኙ ነጥብ ሲጥል ግን ምክንያት አንፈልግም። «አበቃላቸው» ብለን እንዘጋዋለን። እኛም እንደዚያው ነበርን። ይህ ጨዋታ አንድ ጓደኛ ሊያሳጣን ስለነበር ነው ዛሬ የምንጽፍላችሁ።

ነገሩ የሆነው 2017 ዓ.ም. ሲገባ ነው፤ በአውሮፓውያን 2024/25 የውድድር ዘመን። ሦስት ጨዋታ ብቻ ተደርጓል። ሲቲ ሦስቱንም አሸንፎ 9 ነጥብ ይዟል፤ ሃላንድ ብቻውን 7 ግብ አግብቷል። ሊቨርፑልም በአዲሱ አሰልጣኝ በአርነ ስሎት ሦስቱንም አሸንፏል፤ ያውም አንድም ግብ ሳይቆጠርበት፣ ሦስተኛውን ደግሞ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ዩናይትድን 3 ለ 0 ረትቶ። አርሰናል ዴክላን ራይስ በቀይ ወጥቶበት ከብራይተን ጋር 1 ለ 1 ተለያይቷል። ዩናይትድ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ተሸንፏል።

ከዚያ በኋላ ለብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ሊጉ ሁለት ሳምንት ቆመ። ኳስ ሲቆም ወሬ አይቆምም። እንዲያውም የሚብሰው ያኔ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ ጨዋታ መጥቶ አፋችንን አያስይዘንም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሊጉን ጨረስነው። ዋንጫውን ለሲቲ ሰጠን፣ ሊቨርፑልን ሁለተኛ አደረግን፣ የዩናይትዱን አሰልጣኝ አባረርን። ሦስት ጨዋታ አይተን የቀሩትን 35 ፈረድንባቸው።

ከኳሱ ሌላ የሚያገናኘን አንድ ነገር ነበር፤ እቁብ። በሳምንት እያንዳንዳችን 500 ብር፣ በድምሩ 5000። ሰብሳቢያችን ከመካከላችን በጣም የምናምነው ልጅ ነው። የዩናይትድ ደጋፊ ነው፤ በዘመድ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ብር ሲቆጥር ተሳስቶ አያውቅም። ሐሙስና ጁሙዓ ይሰበስባል፣ ቅዳሜ ማታ ለባለተራው ያስረክባል። በዚያ ሳምንት ባለተራው ሁለት ታናናሽ እህቶቹን ትምህርት ቤት የሚያስገባ ልጅ ነበር። የደንብ ልብሱና ደብተሩ ሁሉ ያንን ብር ይጠብቃል።

ሐሙስ ማታ ስለ ቅዳሜ ጨዋታዎች ስናወራ አመሸን። ዩናይትድ ወደ ሳውዝሃምፕተን ይሄዳል። ሲቲ ብሬንትፎርድን ያስተናግዳል። ሊቨርፑል በአንፊልድ ከኖቲንግሃም ፎረስት ጋር። ስለ ሊቨርፑል ሲነሳ የአርሰናሉም፣ የቼልሲውም፣ የዩናይትዱም ሰው ተስማማ። ፎረስት አንፊልድ ላይ ካሸነፈ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 ወዲህ አንድም ጊዜ አልሆነለትም። ከመካከላችን አንዱ፣ «ሊቨርፑል በሜዳው ለፎረስት? ወላሂ ቤትህን ሸጠህ አስይዝ!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ዘጠኛችን እየሳቅን ነበር፤ አንዱ ግን እያሰላ ነበር።

ቅዳሜ፣ መስከረም 4። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ዩናይትድ ተጫወተና 3 ለ 0 አሸነፈ። ሁለቱ የዩናይትድ ልጆች ጨፈሩ። ሰብሳቢያችን ግን ፈገግ ብሎ ብቻ ስልኩን አየ። 11 ሰዓት ላይ ሌሎቹ ሁለቱ ጨዋታዎች ባንድ ጊዜ ተጀመሩ። ዲኤስቲቪ ቤቱ የሊቨርፑልን ነበር ያሳየው። ብሬንትፎርድ ሲቲ ላይ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ግብ አስቆጠረ ተባለ፤ ልጁ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ሃላንድ ሁለት አግብቶ ውጤቱን ሲገለብጠው ደግሞ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከሊቨርፑል ጨዋታ አልነቀለም። ሳላህ ኳስ በያዘ ቁጥር ከወንበሩ ይነሳል። የዩናይትድ ደጋፊ ለሊቨርፑል ሲጨነቅ አይተን ሳቅንበት። «ምነው፣ ክለብ ቀየርክ እንዴ?» አልነው። ጠርጥረን ቢሆን ኖሮ ያኔ ነበር።

የመግሪብ አዛን ሲል ወጥተን ሰገድን። እሱ «ትንሽ ቆይቼ» ብሎ ቀረ። ስንመለስ 1 ለ 0 ሆኗል፤ የፎረስቱ ሃድሰን ኦዶይ በ72ኛው ደቂቃ አግብቷል። የሊቨርፑል ልጆች አንገታቸውን ደፉ፣ ሌሎቻችን ጮህን፣ ተሳሳቅን። የሰብሳቢያችን ፊት አመድ መስሎ ነበር። እሱን ያየው ሰው አልነበረም። ጨዋታው ሲያልቅ ቦታው ላይ አጣነው።

ባለተራው ያን ማታ ደወለለት። «ነገ» አለው። በማግስቱም «ነገ»። በሦስተኛው ቀን ራሱ መጥቶ ነገረን። ከእቁቡ 5000 ብር 3000ውን አንድ ትኬት ላይ አስይዞታል። ሦስት ጨዋታ በአንድ ትኬት፦ ዩናይትድ፣ ሲቲ፣ ሊቨርፑል። ያን ማታ ትርፉን ወስዶ ዋናውን ቦታው ሊመልስ ነበር ሐሳቡ። ሁለቱ ገቡ፤ ሦስተኛው ሁሉንም ይዞ ሄደ።

እዚህ ላይ ራሳችንን አናቆነጃጅም። ጮህንበት። ከመካከላችን አንዱ «ሌባ» አለው፤ ሌሎቻችንም ዝም በማለታችን ተስማማን። ልጁ ቃል ሳይመልስ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አላየነውም። በእኛ ሱቅ በኩል ማለፍ ተወ፣ የሚሰግደውም ሌላ መስጂድ ሆነ። እኛም ሻይ ቤቱ ውስጥ መነጋገሪያ አደረግነው። ስለ ተቀናቃኝ ክለብ በምናወራበት አፍ ስለ ወንድማችን አወራን፤ «አበቃለት» አልን።

ያስቆመን ብሩ የጠፋበት ባለተራው ራሱ ነው። አንድ ማታ፣ «ቆይ፣ ያን ሐሙስ ምን ነበር ያልነው?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰም። እሱ አንድ በአንድ ቆጠረው፦ «ሲቲ አይነካም ያልነው እኛ ነን። ሊቨርፑል አልቋል ያልነው እኛ ነን። ቤትህን ሸጠህ አስይዝ ያልነውም እኛ ነን። ጥፋቱ የእሱ ነው፤ አማናውን በልቷል። ነገር ግን ትኬቱን የሞላው በእኛ ወሬ ነው።»

ውርርድ ሐራም መሆኑን ያ ልጅም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። እኛ ያልገባን ሌላ ነገር ነበር። እጃችን ትኬት አልነካም ብለን ንጹሕ ነን ብለን ነበር። ለቀልድ የተናገርነው እርግጠኛ ቃል በሌላ ሰው ጆሮ ምክር ሆኖ እንደሚገባ አላሰብንም። ያውም ደመወዙ ትንሽ፣ ጭንቀቱ ብዙ በሆነ ልጅ ጆሮ።

ደግሞ እስቲ ሒሳቡን እንየው። ሦስቱም ግምቶች ጥሩ ነበሩ እንበል፤ እያንዳንዱ ቡድን ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያሸንፋል እንበል። አንዱን ብቻ ስትወስደው 75 በመቶ ነው፣ ደስ ይላል። ሦስቱም አብረው የመግባታቸው ዕድል ግን 75 በመቶ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ይባዛል። ሲባዛ 42 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይኸውም «ሦስት እርግጠኛ ጨዋታ» ያልነው ትኬት ከመግባቱ ይልቅ የመቃጠሉ ዕድል ይበልጣል ማለት ነው። ጨዋታ በጨመርክ ቁጥር የሚከፈለው ብር ያድጋል፤ የመቃጠል ዕድሉም አብሮ ያድጋል። ብዙ ወጣት የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የኳሱም ታሪክ ቢሆን ለችኩል አይመችም። እ.ኤ.አ. መስከረም 2015 አርሰናል ሌስተርን በሜዳው 5 ለ 2 ሲያሸንፍ፣ የእኛዎቹ የአርሰናል ልጆች ሌስተርን ከቁጥር አላስገቡትም ነበር። በዚያ ዓመት ሌስተር በ81 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ፤ አርሰናል በ71 ሁለተኛ ሆነ። በዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ አርሰናል ቼልሲን 3 ለ 0 ረታ፤ ቼልሲ አበቃለት ተባለ። ኮንቴ ግን ከዚያ ጨዋታ በኋላ አሰላለፉን ለውጦ ተከላካዩን ሦስት አደረገ፣ በሊጉ 13 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፣ ዋንጫውንም በ93 ነጥብ ወሰደ። ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፍነው እኛ፣ ዋንጫውን የወሰዱት እነሱ ይላሉ የአርሰናል ልጆቻችን፤ ዛሬ እየሳቁ ነው የሚያወሩት።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ቤቱ ሄድን። በሩን የከፈቱልን እናቱ ናቸው። የሆነውን አልሰሙም፤ ጓደኞቹ ለምን እንደጠፉ ብቻ ነበር የሚጠይቁት። ቡና አፈሉልን። እሱ ከጓዳ ወጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠና ቀና ብሎ አላየንም። እናቱ ወጣ ሲሉ፣ ያ «ሌባ» ያለው ልጅ ቀድሞ «ዐፉ በለኝ» አለው። ባለተራው ደግሞ «አብሽር፣ ብር ነው፤ ይመጣል» አለው።

ከዚያም ተስማማን። እሱና ባለተራው ሲቀሩ ስምንታችን 375 ብር 375 ብር አዋጥተን የጎደለውን 3000 ያኑ ሳምንት ለባለተራው ሞላን፤ እህቶቹም ትምህርታቸውን ጀመሩ። እሱ ደግሞ በሳምንት 300 ብር እየከፈለ በአስር ሳምንት ሊጨርስ ቃል ገባ። ሰብሳቢነቱን ራሱ ተወ፤ እኛም «ግድ የለም፣ ቀጥል» አላልንም። መተማመን እንደ ነጥብ ነው፤ በአንድ ቀን አይመለስም፣ በየሳምንቱ ይለቀማል።

የመጨረሻውን 300 ብር የከፈለን ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ እኛ በነሐሴ ዋንጫ ያስረከብነው ሲቲ፣ ሮድሪ ጉልበቱን ተጎድቶበት፣ በሊጉ አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ሦስተኛ ሆነ። ያ አንፊልድ ላይ ያዋረደን ሊቨርፑል አራት ጨዋታ እየቀረው ዋንጫውን አረጋገጠ፣ በ84 ነጥብ። የናቅነው ፎረስት ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ። ዩናይትድ 15ኛ።

እንግዲህ አስቡት። ስለ ሊቨርፑል ያን ሐሙስ የተናገርነው በዓመቱ ሚዛን ትክክል ነበር፤ ጠንካራ ቡድን ነው ብለን ነበር፣ ሆነም። በዚያች ቅዳሜ ግን ውሸት ሆነ። ስለ ሲቲ የተናገርነው በዚያች ቅዳሜ ትክክል ነበር፤ በዓመቱ ውሸት ሆነ። ስለ ጓደኛችን የተናገርነው ደግሞ በዚያ ሳምንት እውነት ይመስል ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ አፍረንበታል።

ክርክሩን አልተውንም። ኳስ ያለ ክርክር ጨው እንደሌለው ወጥ ነው፤ ተቀናቃኝን መተረብም ይቀጥላል። ሁለት ነገር ግን ተስማምተናል። አንደኛ፣ ጨዋታውን ያላየ፣ ውጤቱን በስልክ ብቻ ያየ ሰው አይፈርድም። ሁለተኛ፣ «እርግጠኛ ነኝ፣ አስይዝበት» የሚል ቃል ለቀልድም ቢሆን በመካከላችን አይነገርም። አጠገባችን የተቀመጠው ልጅ ኪሱ ውስጥ የማን ብር እንዳለ አናውቅምና።

ጓደኛችን ዛሬም አብሮን ያመሻል፤ ዛሬም ዩናይትድ ነው፣ አላህ ያግዘው። ከመካከላችን አንዱ በሊጉ መጀመሪያ ስለ አንድ ክለብ፣ ወይም ሥራ ስለ ጀመረ ልጅ፣ ወይም ፈተና ስለ ወደቀ ልጅ «በቃ፣ አበቃለት» ሲል፣ እሱ ሻዩን እያማሰለ ቀስ ብሎ ይጠይቃል፦

«ስንተኛ ሳምንት ነው?»