አሮጌው ዘይት በአዲስ ዋጋ



ከሶላት በኋላ በመስጊድ ደጃፍ ብንቆም፣ ለዕቁብ ብንሰበሰብ፣ ለቀብር ብንወጣ ወሬያችን አንድ ነው፤ ታክስና የኑሮ ውድነት። «መንግሥት አራቆተን» የሚል አለ። «ያለ ግብር መንገዱ፣ ሐኪም ቤቱ ከየት ይመጣል?» የሚልም አለ። እኔ በቡታጅራ ከተማ አነስተኛ ሱቅ ያለኝ ነጋዴ ነኝ። በዚህ ክርክር ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን አስቀድሜ የራሴን ጉድ ላጫውታችሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለኢትዮጵያ በአራት ዓመት የሚለቀቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኔ ግን ወራት አልጠበቅሁም። ወሬውን በሰማሁ ማግሥት፣ ቀድሞ በርካሽ የገዛሁትን ዘይት ዋጋ ጨመርኩበት።

ከደንበኞቼ አንዷ መምህርት ናቸው። ባለ አምስት ሊትሩን ሊገዙ መጥተው ዋጋውን ስነግራቸው፣

«ጋሼ፣ ይህ ባለፈው ሳምንት እዚሁ መደርደሪያ ላይ የነበረው አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«ምን ላድርግ መምህርት፣ ዶላር ጨመረ። መንግሥትን ይጠይቁ» አልኳቸው።

አልተከራከሩኝም። ብራቸውን ቆጥረው ባለ አንድ ሊትሩን ይዘው ሄዱ።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የእሳቸው ግብር ደመወዙ እጃቸው ሳይገባ ይቆረጣል። ከ2008 ጀምሮ ከግብር ነጻ የነበረው ደመወዝ በወር 600 ብር ብቻ ነበር። ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በሐምሌ 2017 በጸደቀው ማሻሻያ ነው። በእነዚያ ዓመታት ዳቦ ስንት ጊዜ እንደጨመረ እናንተው ታውቃላችሁ። እሳቸው መሸሸጊያ የላቸውም። እኔ ግን ያለ ደረሰኝ እሸጣለሁ፤ ዋጋ እጨምራለሁ። የመንግሥትን ሸክም ከራሴ አውርጄ በእሳቸው ትከሻ ላይ የምጭን ሰው ሆኜ ተገኘሁ።

ይህን ስል የመንግሥትን ድርሻ መሸፈኔ አይደለም። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ክረምት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የመጓጓዣው ዋጋ በድሀው ላይ አርፏል። በኅዳር 2017 በ971 ቢሊዮን ብሩ በጀት ላይ ወደ 582 ቢሊዮን ብር ሲጨመር፣ «ለድጎማና ለደመወዝ ነው» ተባለ። ሰው ግን ከሰማው ይልቅ የሚያየውን ያምናል። «ቀበቶህን አጥብቅ» የሚል ባለሥልጣን በቅድሚያ የራሱን ማጥበቁ ሊታይ ይገባል።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በሒጅራ 18ኛው ዓመት፣ «ዓመ ረማዳ» በተባለው የረሃብ ዘመን፣ ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ አልቀምስም ብለው እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። የከብት ዘካ መሰብሰቡንም ለዚያ ዓመት አቆይተውታል። ኢብኑ ኸልዱንም በ14ኛው ክፍለ ዘመን በጻፉት «ሙቀዲማ» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ግብር ሲከብድ ሰው የመሥራት ተስፋው እንደሚሟጠጥና የመንግሥትም ገቢ በመጨረሻ እንደሚቀንስ አስረድተዋል።

ውድ አንባቢያን! የእኛ አገር ሰው መስጠት አይጠላም። በ1950ዎቹ ከዓለምገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያልፈውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር ሲቋቋም፣ አባቶቻችን ከኪሳቸው አዋጥተዋል። ገንዘባቸው መንገድ ሲሆን በዓይናቸው አይተዋልና አልጸጸታቸውም። በሐምሌ 2009 ግን የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ፣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ሱቆች ተዘጉ። ነጋዴው ገቢውን ስለሚደብቅ ገማቹ በግምት ያበዛል። ገማቹ ስለሚያበዛም ነጋዴው ይደብቃል። እንግዲህ ይህን ክር ማን ይበጥሰው?

ከሳምንት በኋላ መምህርቷን ጠርቼ የዚያን የአንድ ሊትር ዘይት ትርፍ ልመልስላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም።

«ሐላል ይበልዎ ጋሼ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ግን የወሰዱት ከእኔ ብቻ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አጣሁ። በዚያ ሳምንት ስንት እናት፣ ስንት የቀን ሠራተኛ በዚያ ዋጋ ገዝቶኝ እንደሄደ አላህ ያውቃል። እኔ ስማቸውንም አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ አሮጌውን ዕቃ በአሮጌው ዋጋ እሸጣለሁ፤ ደረሰኝም እቆርጣለሁ። ትርፌ አንሷል። ጎረቤቶቼ «ሞኝ» ይሉኛል። ስለ በጀትና ስለ ግብር ግን ዛሬም እናገራለሁ፤ «ገንዘባችን የት ደረሰ?» ብዬም እጠይቃለሁ። ያኔ አፌ እየተናገረ እጄ ያፍር ነበር። ዛሬ ቢያንስ ስጠይቅ አላፍርም።

እናንተስ? የቤት አባወራ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ነጋዴ የሆናችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ገበታ ስትቀርቡ ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ በዚህ የችግር ዘመን የእኔን ሸክም የተሸከመልኝ ማን ነው?

አላህ ለመሪዎቻችን እዝነትን፣ ለእኛም በሚዛናችን ላይ ታማኝነትን ይስጠን። አሚን።