ዋንጫውን የተቀበለው አምበል

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ አንድ ጊዜ ማሸነፉን ሳትሰማ አትቀርም። የመንግሥቱ ወርቁንና የይድነቃቸው ተሰማን ስም አባትህ ነግሮህ ይሆናል። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ማን እንደ ነበረ ብትጠየቅ ግን ምን ትመልሳለህ? በየቡ ሳስተምር ይህን ጥያቄ ባቀረብሁ ቍጥር፣ ስለ አርሴናልና ስለ ማንቸስተር ሌሊቱን ሙሉ ሲያወሩ ሊያድሩ የሚችሉት ልጆች ዝም ይሉ ነበር።

ሉቻኖ ቫሳሎ ይባላል። በነሐሴ ወር 1927 ዓ.ም. በአስመራ ከተማ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ ወታደር ተወለደ። ወሩን ልብ በል። የአባቱ ወገኖች በመስከረም 1928 የኢትዮጵያን ድንበር ሲጥሱ ሕፃኑ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። የፋሺስት መንግሥት በ1929 ኢጣሊያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በሕግ ከለከለ፤ በ1932 ደግሞ ኢጣሊያዊ አባት ክልስ ልጁን ልጄ ብሎ እንዳይቀበል አገደ። እንዲህ ያለ ልጅ ለአንዱ ወገን ጥቍር፣ ለሌላው የጠላት ዘር ነበረ። ለልጅ ደግሞ ከሕጉ ይልቅ የመንደር ጓደኛው አፍ ይበልጥ የሚመር ይመስለኛል።

ሉቻኖ መካኒክ ነበር። በዚያን ዘመን ኳስ ክብር እንጂ እንጀራ አትሰጥምና። በኋላም ለድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫውቷል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ለዋንጫ ገጠመች። ግብፅ አስቀድማ አገባች፤ የኛዎቹ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሆኑ፤ ደስታው ሳይበርድ በ75ኛው ግብፅ እንደ ገና መራች። ሜዳ ላይ ልብ የሚሰበረው እንዲህ ባለው ደቂቃ ነው። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ራሱ አገባና ሁለት ለሁለት ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ። በ1928 በአባቱ አገር ጦር ምክንያት የተሰደዱት ንጉሥ፣ ዋንጫውን ለዚያው ወታደር ልጅ በእጃቸው ሰጡት።

በ1960 ውድድሩ ዳግመኛ በኢትዮጵያ ሲደረግ አራተኛ ወጣን። ዋንጫው ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ሉቻኖም በ1970 ገደማ፣ በደርግ ዘመን፣ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በመስከረም 2015፣ በ87 ዓመቱ፣ በአባቱ አገር ሞተ።